ጃጅተው ነው ወይስ ከፍቷቸው?

የመርሳት በሽታ ያለባቸው እናት ምግብ ሲገፉ፣ ሌሊት ሲባንኑ፣ ከሰው ሲሸሹ ቤተሰቡ «ያው ጃጅተዋል» ብሎ ያልፈዋል። ይህችን አባባል እፈራታለሁ። በመርሳቱ ላይ ድብርት ተደርቦ ይሆናላ! ድብርት ደግሞ ያለችውንም አቅም ይወስዳል።

ሐኪሙ «ሰሞኑን እንዴት ሰነበቱ?» ቢላቸው፣ ትናንትን የማያስታውስ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ከማለት በቀር ምን ይመልሳል? በፈረንጆቹ 1988 በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ጆርጅ አሌክሶፖሎስና ባልደረቦቻቸው ያወጡት መመዘኛ ለዚህ መላ አበጅቶለታል፤ ሐኪሙ ታማሚውን ብቻ ሳይሆን አስታማሚውንም ስላለፈው ሳምንት ይጠይቃል። 19 ምልክቶች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጣል፤ ድምሩ ከ10 ካለፈ ድብርት ይጠረጠራል። ሐዘን፣ ቁጣ፣ የክብደት መቀነስ፣ ጧት ጧት የሚብስ ስሜት፣ ሁሉም ይቆጠራል።

በእርግጥ ዝም ያለ ሁሉ ከፍቶታል ማለት አይደለም። መርሳቱ ራሱ ሰውን ያፈዛል። የፈዘዙ አባት ቡና አፍሉልኝ አይሉም፤ ሲኒውን ከሰጧቸው ግን ፉት ይላሉ፣ ቅርም አይላቸው። የከፋቸው ግን ሲኒው እጃቸው ላይ ይቀዘቅዛል፤ የሚወዱት የልጅ ልጅ ሲመጣ እንኳ ፊታቸው አይፈታም፤ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል።

ደግሞም «ሸክም ሆንኩባችሁ»፣ «ምነው በወሰደኝ» ይላሉ። እኛም «ኧረ ክፉ አይናገሩ!» ብለን አፋቸውን እናስይዛለን። እባካችሁ፣ አታስይዟቸው። አጠገባቸው ቁጭ በሉና «ምን ከፋዎት?» በሏቸው፤ የሰማችሁትንም ለሐኪም ንገሩ። የሞት ምኞት የእርጅና ወግ ተደርጎ መታየቱ በጣም ያሳዝነኛል።

በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ድንገት ከተለወጡ ግን ኢንፌክሽን ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው። መናገር ያቃታቸው ሕመም፣ የታይሮይድ ማነስም ድብርት ሊመስል ይችላል።

ኪኒን ብቻውን ይፈታዋል ብላችሁ አትጠብቁ። በፈረንጆቹ 2011 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት 326 ታማሚዎችን ተከታትሎ፣ ሰርትራሊንና ሚርታዛፒን የተባሉት የድብርት መድኃኒቶች በ13 ሳምንት ከባዶ ኪኒን የተሻለ ውጤት እንዳላሳዩ አግኝቷል። የጀመሩትን ግን ያለ ሐኪም አታቋርጡባቸው። ፀሐይ ማሞቅ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ማድረስ፣ ጥራጥሬ አብሮ መልቀም ዛሬውኑ የሚጀመር ነው።

ቀጠሮው ሳይደርስ አንድ ሳምንት ማስታወሻ ያዙ፦ ስንት ሰዓት እንደነቁ፣ ምን እንደበሉ፣ መቼ እንዳለቀሱ፣ ምን እንዳሉ። ደብተሩን ለሐኪሙ ስጡት፤ አጠገባችሁ ተቀምጠው ይሰማሉና በላያቸው አታውሩባቸው።