ደረቱን ገልጣችሁ እዩ

ስፔሻሊቲያችሁን ጨርሳችሁ ወደ ንፋስ መውጫ፣ ወደ ወገዳና ወደ መካነ ኢየሱስ ልትሄዱ የተነሣችሁ ወጣት የሕፃናት ሐኪሞች፤ የተሰጠኝ ርእስ «ወጣቱን የሕፃናት ሐኪም እንዴት ተመራማሪ እናድርገው?» የሚል ነው። እደርስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ተማሪዎቼ ደጋግመው ሰምተው የሰለቻቸውን አንድ ጥናት ላንሣ።

በ1997 እ.ኤ.አ. ዶክተር ሉሉ ሙሄ፣ ዶክተር ስለሺ ሉልሰገድና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባው ኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የሠሩትን ጥናት «ላንሴት» መጽሔት ላይ አወጡ። የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት ካልያዛቸው 500 ጋር አስተያዩ። ሪኬትስ፣ ማለትም የአጥንት መለስለስ፣ የተገኘባቸው ከታመሙት 210፣ ካልታመሙት ደግሞ 20 ብቻ ነበሩ። ሌሎች ምክንያቶች ከተሰሉ በኋላም የዕድል ንጽጽሩ (odds ratio) ከ13 በላይ ሆነ።

እስቲ ልብ በሉ፤ ጥያቄው የመጣው ከአልጋው ዳር ነው። የሕፃኑን ልብስ ገልጦ ደረቱን የሚዳስስ ሐኪም የጎድን አጥንቶቹ ጫፍ እንደ መቁጠሪያ ጓጉሎ ያገኘዋል፤ የእጁ አንጓም ሰፍቷል። አጥንቱ ከለሰለሰ ደረቱ አየር ለመሳብ አቅም ያንሰዋል። ፀሐይ በሞላበት አገር ይህ ለምን ይሆናል? እናት ብርዱን፣ ምቹንና የሰው ዓይንን ፈርታ ልጇን ጠቅልላ ቤት ስለምታውለው ነው። አትፍረዱባት! የጉና ተራራን ንፋስ የቀመሰ ሰው አይፈርድባትም።

ንፋስ መውጫ ያለችበትን ጋይንትን የምታውቁ ደግሞ የቀረውን ራሳችሁ ትጨርሱታላችሁ። ደጋው ላይ ሕፃኑ በጋቢ ተጠቅልሎ ጭስ ቤት ይውላል፤ ከስማዳ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሲወረድ እኩያው እርቃኑን ይሮጣል። ሪኬትሱ በሁለቱ እኩል ነው ወይ? ንፋስ መውጫ 3000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ጤነኛ ሕፃን ጣት ላይ የምናነበው የኦክስጅን መጠን ስንት ነው? ኦክስጅን ይሰጠው ወይስ አይሰጠው የምንለው በዚህ ቁጥር ነውና ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። እኛ ግን «የእናቶች ግንዛቤና አመለካከት» የሚል መጠይቅ ከሌላ ወረዳ ገልብጠን፣ የቦታውን ስም ቀይረን እንመረቃለን። የምትስቁት ታውቁታላችሁ ማለት ነው።

«መሣሪያ የለንም» ለምትሉ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ያሳተሙት ጥናት ያለ በቂ ክብደት የተወለዱ ሕፃናትን ያለ መሣሪያ በእናት ገላ ላይ ለጥፎ ማቆየትን የፈተሸ ነው። በተለመደው እንክብካቤ ከመቶ 38 ሲሞቱ፣ እናታቸው ገላ ላይ ከዋሉት የሞቱት ከመቶ 22 ገደማ ነበሩ።

ሰዓቱ እየታየኝ ነው፤ ርእሱን በጥድፊያ ልንካው። አንድ ሐኪም የሦስት ሰው ሥራ እየሠራ ተመራማሪ አይሆንም፤ ስለዚህ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች በሳምንት ግማሽ ቀን ከተረኝነት ነፃ አድርጉት። ዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ ደብረ ታቦርም ጎንደርም፣ ከምርቃት በኋላ ስልኩን የሚያነሣለት አማካሪ መድቡለት። ስታቲስቲክሱ በኮርስ ይሞላል፤ ያልተጻፈ መዝገብ ግን በምንም አይሞላም።

ነገ ተረኛ የሆናችሁ፣ የእያንዳንዱን ሕፃን ክብደትና የኦክስጅን ንባብ መዝገቡ ላይ አስፍሩልኝ።