ስለት የሚይዝ ብረት የቱ ነው?

የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ጉንደ ወይን ጤፍ ሲደርስ ማጭድ፣ ማገዶ ሲያልቅ መጥረቢያ ይፈለጋል። ዋጋው መካከለኛ የሆነው ምርጫ ብዙ ጊዜ የአገራችን ቀጥቃጭ ሥራ ነው። ስሙ ግን ከጥራቱ በታች ሆኖ ኖሯል፤ ባለሙያውን ራሱን «ቡዳ» እያልን አርቀነዋልና። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። ነውሩ ግን ዛሬም አልጠፋም።

ወደ ብረቱ እንምጣ። ስለትን የሚያጸናው በብረቱ ውስጥ ያለው ካርቦን ነው። የመኪና ባሌስትራ ከግማሽ በመቶ በላይ ካርቦን ስላለው፣ ግሎ ሲነከር ይጠነክራል። የግንባታ ፌሮ በአብዛኛው ካርቦኑ አነስተኛ ነው፤ ቢነከርም ቶሎ ይዶለዱማል። ማጠንከር ብቻውን ደግሞ አይበቃም፤ በዚያው የቀረ ስለት እንደ ብርጭቆ ይሸረፋል። ጎበዝ ባለሙያ መልሶ በቀላል እሳት ያሞቀዋል። ይህ ጊዜና የሠለጠነ ዓይን ይጠይቃል፤ ጥቂት ብር መጨመርም የሚገባው ለዚህ ነው።

ሲገዙ ሞረድ ይያዙ። ሞረዱ ስለቱን እንደ ልብ ከበላው ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ጨርሶ ከተንሸራተተ ከመጠን በላይ ደርቋል። ጥሩው እየታገለ ይሞረዳል። የመጥረቢያው እጀታ መግቢያ ቀጥ ማለቱንም ይዩ። ከምን ብረት እንደሠራው ቀጥቃጩን ይጠይቁት፤ ባሌስትራ ሆኖ በደንብ ከተነከረ፣ ዋጋውን ሳይከራከሩ ይክፈሉት።