የጌታችን ዕርገትና የእኛ መላክ



ዛሬ የምናከብረው የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ዕርገት ከትንሣኤ በኋላ በአርባኛው ቀን የሚውል በዓል ነው። እስከ ጰራቅሊጦስም ዐሥር ቀን ብቻ ይቀራል። በነዚህ በዓላት መካከል ሆነን ስለ አንድ ወቀሳ ልንናገር እንወዳለን። ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ፥ «ሃይማኖተኞች ዐይናቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው ምድርን ረስተዋል» ይሉናል። በቁጣ ከመመለሳችን በፊት ራሳችንን ብንመረምር መልካም ነው፤ በውነት የረሳንበት ጊዜ አለና።

ነገር ግን ጥፋቱ የእኛ እንጂ የዕርገት ትምህርት አይደለም። የሐዋርያት ሥራ እንደሚተርክልን፥ ደመና ጌታን ከዐይናቸው በሰወረው ጊዜ ሐዋርያት ሽቅብ እያዩ ቀሩ። ነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎችም፥ ቆመው ስለ ማየታቸው ወቀሷቸው፤ ተመልሶ እንደሚመጣም ነገሯቸው። እንግዲህ ወቀሳው አዲስ አይደለም፤ አስቀድሞ በራሱ በመጽሐፍ ቅዱስ ተጽፏል። ሐዋርያትም ከደብረ ዘይት ተራራ ወርደው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ፤ በጸሎት ቆዩ፤ መንፈስ ቅዱስን ከተቀበሉ በኋላም ለምስክርነት ወጡ።

ታዲያ ዕርገት መለየት ነውን? አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረን፥ ጌታ ከእኛ የነሣውን ሥጋ ትቶ ሳይሆን ይዞ ማረጉን ነው። የሰው ሥጋ በአብ ቀኝ ተቀመጠ። ይህን ካመንን፥ የተራበውንና የታመመውን ሰው እያየን ልናልፈው አንችልም፤ እርሱም ለዚያው ክብር ተጠርቷልና። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965፥ የአዲስ ምድር ተስፋ ለዚህች ምድር ያለንን ትጋት ሊያነሣሣ እንጂ ሊያቀዘቅዝ እንደማይገባው አስተምሯል።

መላክ ምን እንደሚመስል ከአገራችን ታሪክ እንማራለን። በዚያው አቆጣጠር በ1839 ዐድዋ የገቡት ኢጣልያዊው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፥ በሕዝቡ አጠራር አቡነ ያዕቆብ፥ ከማስተማራቸው በፊት ተማሪ ሆኑ። የአገሩን ቋንቋ አጠኑ፤ የግዕዙንም ሥርዓት የራሳቸው አደረጉ። የሥራ ጓደኛቸው ሊቁ አባ ገብረ ሚካኤል ስለ እምነታቸው መከራ ተቀብለው በ1855 በእስር ሳሉ ዐረፉ። እነዚህ አባቶች ወደ ሰማይ ያዩ ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን እያዩ አልቀሩም።

እኛስ? መላክ የካህናትና የመነኮሳት ድርሻ ብቻ አይምሰለን። በትምህርቱ ወደ ኋላ የቀረውን ጓደኛችንን ማስጠናት፥ የታመመውን መጠየቅ፥ በክረምቱ ዕረፍት ፊደል ላልቆጠረው ወገናችን ፊደል ማስቆጠር፥ እምነታችንን የማይጋራውንም ሳንንቅ መስማት በእጃችን ያለ ሥራ ነው። ይህን ካላደረግን ወቃሾቻችን እውነት ተናገሩ ማለት ነው። ብናደርገው ግን ብቻችንን አንደክምም፤ ያረገው ጌታ እስከ ዓለም ፍጻሜ እንደማይለየን ተስፋ ሰጥቶናል።