ጋሪውን የሚመርጠው መንገዱ ነው

ስለ ፎቶግራፍ ዕቃ ማጓጓዣ ታጣፊ ጋሪ አመራረጥ በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የተሰማ ንግግር




የፎቶግራፍ ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት ሥፍራ ዘወትር የሚነገረው ስለ ሌንስ ጥራት፣ ስለ ብርሃን አጠቃቀምና ስለ ምስል አቀነባበር ነው። ዕቃው ከሥራው ቦታ እንዴት እንደሚደርስ ግን እምብዛም አይነገርም። ዳሩ ግን አንድ ባለሙያ ሠርግ ወይም ጉባኤ ሲያነሣ ውሎ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ወገቡን የሚያመው ካሜራውን በመያዙ ብቻ አይደለም፤ መብራቱን፣ የመብራት መቆሚያውን፣ የአሸዋ ከረጢቱንና ባትሪውን ከመኪና ወደ አዳራሽ፣ ከአዳራሽ ወደ መኪና ሲያመላልስ በመዋሉ ጭምር ነው። ረዳት ያለው ባለሙያ ደግሞ ከዚህ ድካም አብዛኛውን የሚጥለው በረዳቱ ጫንቃ ላይ ነው። ስለሆነም የታጣፊ ጋሪ አመራረጥ የምቾት ጉዳይ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም፤ የሠራተኛ ጤንነት ጉዳይ ነው። የዚህም ንግግር ፍሬ ሐሳብ አጭር ነው፤ ጋሪ የሚመረጠው በሚጫንበት ክብደት ብቻ ሳይሆን፣ በሚሄድበት መንገድና በሚገፋው ሰው አቅም ነው።

ከታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ፎቶግራፍና መንኰራኩር የተገናኙት ዛሬ አይደለም። ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር እ.ኤ.አ. በ1851 ይፋ ያደረገው የእርጥብ ኮሎዲዮን ዘዴ መስተዋቱ ሳይደርቅ ፎቶግራፉ ተነሥቶ እንዲታጠብ ያስገድድ ስለነበር፣ ከስቱዲዮው ርቆ የሚሠራ ፎቶግራፍ አንሺ ጨለማ ክፍሉን ይዞ መዞር ነበረበት። በዚህም ምክንያት እንግሊዛዊው ሮጀር ፌንተን እ.ኤ.አ. በ1855 ወደ ክሪሚያ ጦርነት ሲሄድ፣ ቀድሞ የወይን ጠጅ ነጋዴ ይገለገልበት የነበረውን ሠረገላ ወደ ጨለማ ክፍል ለውጦ 5 ካሜራዎች፣ 700 ያህል መስተዋቶችና በ36 ትልልቅ ሣጥኖች የታሸገ ዕቃ ይዞ ተጓዘ። ሠረገላው በፈረስ እየተጎተተ በተከበበችው በሴባስቶፖል ከተማ አካባቢ ሥራውን አከናወነ። ያለ ሠረገላው ሥራው ባልተሠራም ነበር። ይሁን እንጂ ቀለሙ ነጣ ያለ በመሆኑ የመድፈኞችን ዓይን ይስብ ነበር፤ ሙቀቱም በበረታ ጊዜ በውስጡ መሥራት አስቸጋሪ ሆኖ ተገኝቷል።

ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም.፣ በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የጦሩ መሐንዲሶች የፎቶግራፍ ባለሙያዎችን አሰልፈው ነበር። ከዙላ ጠረፍ እስከ መቅደላ ያለው መንገድ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ተራራውና ገደሉ ለመንኰራኩር የሚመች ስላልነበረ የጦሩ ጓዝ በአብዛኛው የተጓዘው በእንስሳት ጀርባ ነው።

በዚያው ወቅት ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውና በዚያችው በክሪሚያ ከተማ ስም ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ይጓዝ ነበር። መድፉ በሠረገላ ላይ ተጭኖ በብዙ መቶ ሰዎች ጉልበት ሲጎተት፣ ከፊቱ ድንጋዩ እየተፈለጠ፣ ገደሉ እየተናደ መንገድ ይሠራለት ነበር። ጉዞው ስድስት ወር ገደማ ፈጅቷል።

ከእነዚህ ሦስት ጉዞዎች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ፌንተን መንገድ ስለነበረው ሠረገላ መረጠ። የናፒየር ጦር ለሠረገላ የሚሆን መንገድ ባጣበት ሁሉ ጓዙን በበቅሎ ጫነ። ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ ሠረገላውን ጥለው መሄድ ስላልፈለጉ መንገዱን ሠሩ። የዛሬው ፎቶግራፍ አንሺ መንገድ የሚሠራለት ሕዝብ የለውም። ስለዚህ የሚቀረው ምርጫ ለመንገዱ የሚስማማ ጋሪ መፈለግ፣ ጋሪ በማይዘልቅበትም ሥፍራ ጋሪውን መተው ነው።

አስቀድሞ መንገዱን ማወቅ

ጋሪ ለመግዛት ያሰበ ባለሙያ ወደ መደብር ከመሄዱ በፊት ባለፈው ዓመት የሠራባቸውን ቦታዎች በወረቀት ላይ ቢጽፍ ይጠቀማል። የሆቴል አዳራሽ ስንት ጊዜ፣ የመናፈሻ ሣር ስንት ጊዜ፣ የኮብልስቶን መንገድ ስንት ጊዜ፣ አሳንሰር የሌለው የኮንዶሚኒየም ደረጃ ስንት ጊዜ? መልሱ ከማንኛውም የሻጭ ምክር የበለጠ ይመራል። አብዛኛው ሥራው በለሰለሰ የአዳራሽ ወለል ላይ የሆነ ሰውና በጥምቀት ሰሞን ጃን ሜዳ የሚውል ሰው አንድ ዓይነት ጋሪ ሊገዙ አይገባም። ወደ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሚወርድ ሰው ደግሞ በዚያ ጠባብ የዓለት መተላለፊያና ደረጃ ጋሪ እንደማይጠቅመው አውቆ፣ ዕቃውን ቀንሶ በጀርባ ቦርሳ ቢይዝ ይሻለዋል።

በገበያ ላይ ያሉት ታጣፊ ጋሪዎች በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ። አንደኛው ወደ ኋላ ጋደል ተደርጎ የሚጎተተው ባለ ሁለት መንኰራኩር ቋሚ ጋሪ ነው፤ ቀላል ነው፣ ደረጃም ይወጣል፣ ነገር ግን ከጭነቱ ክብደት ከፊሉን ሁልጊዜ የሚሸከመው የጎታቹ ክንድ ነው። ሁለተኛው ባለ አራት መንኰራኩር ጠፍጣፋ ጋሪ ሲሆን፣ ክብደቱን ሁሉ ራሱ ቢሸከምም መንኰራኩሮቹ ብዙውን ጊዜ ትንንሽ በመሆናቸው ከአዳራሽ ውጭ ይቸገራል። ሦስተኛው የጨርቅ ገንዳ ያለው ተጎታች ጋሪ ነው፤ ለሣርና ለአቧራ መንገድ ይመቻል፣ ሆኖም ወለሉ ስለሚረግብ ለመብራት ሣጥኖች ጠንካራ ጣውላ ከሥሩ ሊነጠፍለት ይገባል። አራተኛው እየረዘመና እያጠረ፣ እየቆመና እየተኛ መልኩን የሚለዋውጥ ነው። ይህ ለብዙ ዓይነት ሥራ የሚሆን ቢሆንም፣ መገጣጠሚያው በበዛ መጠን የሚላላው ብሎን እንደሚበዛ መዘንጋት የለበትም።

የመንኰራኩሩ ነገር

ገዥዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት በመንኰራኩር ነው። የጋሪው ቀለምና የመሸከም አቅም በግልጽ ተጽፎ ሲታይ፣ የመንኰራኩሩ ስፋት ግን ሳይለካ ይታለፋል። ልዩነቱን በቀላል የፊዚክስ ስሌት ማየት ይቻላል። በአንድ መንኰራኩር ላይ 20 ኪሎ ግራም ክብደት አርፏል እንበል፤ ከፊቱም 2.5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ጠርዝ አለ። መንኰራኩሩ ከቆመበት ተነሥቶ ይህን ጠርዝ እንዲወጣ በአግድም የሚያስፈልገው ግፊት፣ የመንኰራኩሩ ከዳር እስከ ዳር ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የ35 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው። ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ወደ 18 ይወርዳል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ደግሞ 13 ብቻ ይሆናል። ጭነቱ ያው፣ ድንጋዩም ያው ሆኖ፣ የሰውዬው ድካም ከግማሽ በታች ወረደ ማለት ነው።

ከስፋቱ ቀጥሎ የሚታየው ጎማው ነው። ደረቅ ፕላስቲክ በአዳራሽ ወለል ላይ ቀላል ቢሆንም፣ በኮብልስቶን ላይ እያንዳንዱን ንዝረት ወደ ዕቃው ያስተላልፋል፤ ንዝረትም ብሎን ያላላል፣ የመብራት አምፑል ይጎዳል። በአየር የሚነፋ ጎማ ንዝረቱን ይውጣል፣ በሣርም ላይ አይሰምጥም፤ ነገር ግን እሾህ ሊወጋው ስለሚችል መንፊያና ትርፍ ካላማዳሪያ መያዝ ያሻል። ድፍን ላስቲክ በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ ክብደት ይጨምራል እንጂ አይፈነዳም፣ በሥራ መካከልም አያስቆምም። ሙሽሮች መኪና ውስጥ ሆነው ሲጠብቁ ጎማ መንፋት ምን ያህል እንደሚያሳፍር የደረሰበት ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል።

ሦስተኛው ኩሺኔታው ነው። አንዳንድ ርካሽ ጋሪ መንኰራኩሩ በባዶ ብረት ላይ እንዲዞር ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ፣ አቧራ በገባበት ጊዜ ይጮኻል፣ ይበላል፣ በመጨረሻም ይወላገዳል። መንኰራኩሩን አንሥቶ በእጅ በማሽከርከር ይህን መለየት ይቻላል፤ ኩሺኔታ ያለው ያለ ድምፅ ለረዥም ጊዜ ሲዞር፣ የሌለው ወዲያው ይቆማል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ከተማ ደግሞ ፍሬን የሌለው ባለ አራት መንኰራኩር ጋሪ ለዕቃውም ለመንገደኛውም አደጋ መሆኑ መታወቅ አለበት።

ስለ አቅምና ስለ ጥገና

በጋሪው ላይ የሚጻፈው የመሸከም አቅም በአብዛኛው የሚያመለክተው በለሰለሰ ወለል ላይ በእኩል የተደለደለ ጭነትን ነው። በጎርባጣ መንገድ ላይ አንዱ መንኰራኩር ጉድጓድ ሲገባ ጭነቱ ወደ አንድ ማዕዘን ስለሚያዘነብል፣ ከተጻፈው አቅም ከግማሽ በላይ አለመጫን ጥንቃቄ ነው። የገዛ ዕቃን በሚዛን ማወቅም ያስፈልጋል፤ ሁለት መብራቶች ከነባትሪያቸው፣ ሦስት መቆሚያዎች፣ ሁለት የአሸዋ ከረጢቶችና አንድ የካሜራ መቆሚያ ተደምረው 40 ኪሎ ግራም ያህል ቢደርሱ ሊያስገርም አይገባም።

የጋሪው የራሱም ክብደት ይቆጠራል። የብረት ጋሪ ከባድ ነው፤ ሆኖም ቢሰበር በየሠፈሩ ያለ የብየዳ ቤት ይጠግነዋል። የአሉሚኒየም ጋሪ ቀላል ነው፤ ብየዳው ግን የተለየ መሣሪያና ልምድ ያለው ባለሙያ ይጠይቃል። ከከተማ ውጭ ርቆ የሚሠራ ሰው ይህን ልዩነት አመዛዝኖ ቢመርጥ ከጸጸት ይድናል። በተጨማሪም ጋሪው ታጥፎ በሚሠራበት መኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከዕቃው ጋር አብሮ መግባቱን በሜትር ለክቶ ማረጋገጥ ይገባል፤ ታጥፎ የማይገባ ታጣፊ ጋሪ ትርጉም የለውም።

አጫጫኑም የራሱ ሥርዓት አለው። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ፣ የአሸዋ ከረጢቱም ወደ መንኰራኩሩ ቀረብ ብሎ ይቀመጣል። የሚለጠጥ ላስቲክ ብቻውን ጭነት አይዝም፤ በማይለጠጥ ጠፍር መታሰር አለበት። ካሜራውና ሌንሱ ግን ከጋሪው ላይ ባይሆኑ ይመረጣል፤ ቦታቸው የባለሙያው ትከሻ ነው።

የሚገፋው ማነው?

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ጋሪውን የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ ባለ ስቱዲዮው ሲሆን፣ የሚገፋው ግን በቀን ሂሳብ የተቀጠረ ወጣት ረዳት ነው። ገንዘቡን የሚከፍለው ሰው ድካሙን ስለማያየው ዋጋው ዝቅ ያለውን፣ መንኰራኩሩ ያነሰውን ይመርጣል። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለማንሣት ሥራ ያወጣው ስሌት፣ ሁኔታው ሁሉ በተመቸበት ጊዜ እንኳ ከ23 ኪሎ ግራም ይነሣል፤ ጭነቱ ከሰውነት ሲርቅ፣ ወገብ ሲጠማዘዝ፣ ማንሣቱ ሲደጋገም ይህ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። ከመኪና ውስጥ ተጎንብሶ የሚወጣ የመብራት ሣጥን ከእነዚህ ሁኔታዎች አብዛኛዎቹን ያሟላል። አንድን 40 ኪሎ ግራም ጭነት በአንድ ትልቅ ሣጥን ከማሸግ በሦስት ሣጥኖች መክፈል ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ ጋሪው ደረጃ ሥር ሲደርስ መቆሙ፣ ሣጥኑም በሰው እጅ መነሣቱ አይቀርም።

ስለሆነም ጋሪ ሲገዛ ረዳቱ አብሮ ይሂድ። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ እንደተባለው፣ ጋሪም ሳይጫን አይታመንም። ዕቃው ተወስዶ በመደብሩ ይጫን፤ ከተቻለ ወደ ውጭ ወጥቶ በድንጋይ ላይ ይገፋ፤ የእጀታው ቁመት ለሚገፋው ሰው ወገብ መስማማቱ ይታይ፤ አምስት ጊዜ ታጥፎ አምስት ጊዜ ይዘርጋ። ረዳቱ «ይከብዳል» ካለ ይከብዳል። ያ ቃል በመግለጫው ወረቀት ላይ ከተጻፈው ቁጥር ይልቅ የታመነ ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤

የዛሬው ረዳት የነገው ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ሙያውን ለመማር በገባበት ስቱዲዮ ገና በሃያ ዓመቱ ወገቡ ከተጎዳ፣ ዓይኑ ምንም ያህል የሰላ ቢሆን ከሙያው ይወጣል። ሙያው የሚያጣው ሰው ደግሞ ከጋሪው ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ለአንድ መድፍ ስድስት ወር መንገድ አሠሩ፤ ለአንድ ወጣት ወገብ ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ መንኰራኩር መግዛት ከባድ ሊሆን አይገባም።