ከዘይላ እስከ ሐረር፦ የሲራራው አዳር

(ድምፅ፦ የእንጨት የግመል ቃጭል)

የሐረር ግንብ የጀጎል አምስቱ በሮች ማታ ይዘጉ ስለነበር፣ መሽቶበት የደረሰ ሲራራ ከግንቡ ውጭ ያድር ነበር። በረሃውን ላቋረጠ ግን ውጭ ማደር አዲስ አልነበረም። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1854 እ.ኤ.አ. ኅዳር ወር ላይ ከዘይላ ወደብ ተነስቶ ሐረር የገባው ጃንዋሪ 3 ቀን 1855 ነው፤ ከአንድ ወር በላይ መንገድ ላይ አድሯል።

የሰፈሩ የመጀመሪያ ሥራ አጥር ነበር። የግራር ቅርንጫፍ ይቆረጥና እሾሃማው ጫፍ ወደ ውጭ፣ ግንዱ ወደ ውስጥ ሆኖ ይደረደር ነበር። በሩም አንድ ቅርንጫፍ ነበር፤ የመጨረሻው ሰው ከገባ በኋላ ግንዱን ይዞ ወደ ውስጥ ይጎትተው ነበር። ጅብ በበዛበት በዚያ አገር ይህ አጥር ከጠመንጃ ይልቅ ያስተማምን ነበር። እሳት የሚወጣው ሁለት ደረቅ እንጨት በማፋተግ ነበር።

ሲራራው በአጥር ብቻ ሲያድር፣ የሶማሌ አርብቶ አደሮች ግን ቤታቸውንም ይዘው ይጓዛሉ። አቃል የሚባለውን ጎጆ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፦ የጎበጡ የግራር ሥሮች በገመድ ታስረው ማገር ይሆናሉ፣ ከልጥ ቃጫ የተሠራ ምንጣፍ ይለብሳሉ። ሲነቀል ያው ምንጣፍ የግመሉ ኮርቻ ይሆናል፤ ሥሮቹ ደግሞ ከጭነቱ ጋር ይታሰራሉ። የወተት ዕቃው ከተክል ሥር ቃጫ ተጠላልፎ ይሠራል፤ ከመሞላቱ በፊትም በጭስ ይታጠናል።

ባቡር በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ሲደርስ የዘይላ መንገድ ቀዘቀዘ። አቃሉ ግን በሶማሌ ቆላ ዛሬም ይተከላል፤ አንዳንዱ ከምንጣፍ ይልቅ ሸራ ለብሷል።