የስንብቱ ምሽት በምን ይድመቅ?

እሷ፦ የ12ኛ ክፍል ስንብት ሲቃረብ ጥያቄው ያው ነው፤ ከፕሮግራሙ በኋላ ያለው ጭፈራ በምን መልክ ይሁን? ብዙ ቦታ «ከለር ዴይ» ይመረጣል፤ አንድ ዓይነት ቲሸርት፣ የሚረጭ ቀለም።

እሱ፦ ቀለሙን አልጠላም፣ እህቴ። ግን አዲስ ቅዳም ከተማ ሆነን፣ በአገው ምድር፣ ፈረስ እያለልን! የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የዓድዋ ዘማቾችንና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 በማኅበሩ በዓል እንጅባራ ላይ የሚታየው የፈረስ ጌጥ ብቻውን አዳራሽ ያደምቃል።

እሷ፦ ልጆቹ «የአባቶች ነገር ነው» ቢሉስ?

እሱ፦ ሙዚቃውን ራሳቸው ይምረጡ፣ ዘመናዊውም ይግባ። እኔን የሚያሳስበኝ የቲሸርቱ መዋጮ ነው። እዚህ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ሸጦ ልጁን የሚያስተምር ወላጅ አለ።

እሷ፦ እውነትህን ነው። ከቤት የሚገኝ የባህል ልብስ ከሆነ በገንዘብ እጦት የሚቀር አይኖርም።

እሱ፦ ልጆች፣ መዋጮ ከመቁረጣችሁ በፊት አቅም የሌላቸውን ጓደኞቻችሁን አስቡ።