ሽመላ ፍለጋ ወደ ሑላ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ጥር ከጓደኞቼ ጋር ወፍ ለማየት ወደ ሑላ ሄደን ነበር። ቀጠሯችን ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ የኢትዮጵያ ጎዳና ከነቢያት ጎዳና ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ። (እዚህ ያደጉ ሁለት ልጆች 11 ሲባሉ የማታ መስሏቸው በዋዜማው መጥተው ቆመዋል! የሐበሻ ሰዓት መሆኑን ያልነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ይቅርታ።)

ሑላ ዱሮ ትልቅ ረግረግ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ ለእርሻ ይሁን ተብሎ ውኃው እንዲደርቅ ተደረገ። ያሰቡት ለበጎ ነው፤ ግን አፈሩ ደርቆ በእሳት ይያያዝ ጀመር፣ መሬቱ ሰመጠ፣ ብዙ ወፍም ጠፋ። በ1994 ከፊሉን መልሰው ውኃ ሞሉት። አሁን በክረምት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ፣ በዕብራይስጥ «ዓጉር» የሚባሉ ረጅም አንገት ያላቸው ግራጫ ወፎች ያርፉበታል። ገበሬዎቹ ኦቾሎኒያቸውን እንዳይጨርሱባቸው ከሌላው ማሳ ያባርሯቸውና አንድ ቦታ ላይ በቆሎ ይበትኑላቸው ነበር። ብልሃት ነው!

ወፎቹ ሁሉም ባንድ ላይ ተነሡ። ጩኸታቸው ጆሮ ይደፍናል፤ እርስ በርስ መነጋገር እንኳ አልቻልንም። እኔ ቶሎ ፎቶ አንሥቼ ለእናቴ ላክሁ፦ «እማዬ፣ ሽመላሽን አገኘሁልሽ!»

ወዲያው ደወለች። «ይሄማ ሽመላ አይደለም። ሽመላ ነጭ ነው፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር፣ አፉና እግሩ ቀይ» አለችኝ። አስጎብኚውን ብጠይቀው ልክ ናት። ሽመላ በዕብራይስጥ «ሐሲዳ» ነው። እኔ ሐሲዳን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እናቴ የምታወራው ስለዚሁ ወፍ መሆኑን ግን እስከዚያች ቀን አላወቅሁም።

ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ለሁላችንም አወራችን። ጎንደር፣ ልጅ እያለች፣ ሽመላ በሰማይ ሲያልፍ ልጆቹ ሁሉ ተሯሩጠው ወጥተው ስለ ኢየሩሳሌም ደህንነት በዜማ ይጠይቁት ነበር። ከዚያ ዝም አለች። ቀጥላም «መልሱን ሳልሰማ ራሴ መጣሁ» ብላ ሳቀች።

ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ የሚሄደው ሽመላ እውነትም በዚህ አገር ላይ ያልፋል፤ መጋቢት ላይም ይመለሳል። ስለዚህ መጋቢት ላይ እንደገና እንሄዳለን፤ እናቴም ትመጣለች። ወላጆች ሆይ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ቦታ አለ፤ ዛሬውኑ ተመዝገቡ። ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር እጽፈዋለሁ።